በአረፋ ቀን የተፈረመ ሎግቡክ፦ አንድ የኮምቦልቻ ኮሌጅ ለኢንስፔክሽን ሲዘጋጅ

ኮምቦልቻ ውስጥ ማሰልጠኛ ለመክፈት የሚያስብ ሰው ግማሹ ሥራ ተሠርቶ የሚጠብቀው ይመስለዋል። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አለ፣ ቢራ ፋብሪካው አለ፣ የቆዳና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች አሉ። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። በየመንገዱ ዳር ብረት የሚበይድና መኪና የሚፈታ ሞልቷል። እንግዲህ ሰልጣኝ መቀበል፣ ትንሽ ማስተማር፣ ከዚያ አፓረንት፣ ማለትም ድርጅት ውስጥ ልምምድ፣ መላክ ነው።

በዚህ ሐሳብ የተከፈተ አንድ የግል ኮሌጅ አለ። ስሙን ትቼዋለሁ፤ የእሱ ዓይነት ብዙ ስለሆነ ስሙ ብዙም አይጨምርም። ብረታ ብረት፣ ኤሌክትሪክና ጋርመንት ያስተምራል። የጥራት ኢንስፔክሽን ቡድን እንደሚመጣ ደብዳቤ ሲደርሰው የራስ ግምገማውን እንዳግዝ ተጠራሁ። ቀጥሎ ያለው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነጥብ ላስቀድም። በአገራችን የትብብር ስልጠና አሠራር ከስልጠናው 70 በመቶው በድርጅት፣ 30 በመቶው በተቋሙ ውስጥ እንዲሰጥ ይጠበቃል። ስለዚህ ኮሌጁ የሚመዘንበት ትልቁ ሥራ የሚሠራው በኮሌጁ ግቢ ውስጥ አይደለም። ሐጂ የሚባሉ አንድ የብረት ሥራ ባለቤት ሱቅ ውስጥ ነው፣ ጋራዥ ውስጥ ነው፣ የፋብሪካ መስመር ላይ ነው። ኮሌጁ ግን ለኢንስፔክሽን ሊዘጋጅ የተነሳው ግቢውን ይዞ ነው።

ቀለም፣ ቦክስ ፋይልና ጦርነቱ

መጀመሪያ የተጠራው ቀለም ቀቢ ነው። በሩ ተቀባ። የአበባ መደቡ ዙሪያ ያለው ድንጋይ ኖራ ተለቀለቀ። ራዕይና ተልዕኮ በትልቅ ባነር ተሠራ። የካይዘን፣ የጃፓኖቹ የሥራ ማሻሻያ ዘዴ፣ አምስቱ “ማ”ዎች፣ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ፣ በየወርክሾፑ ግድግዳ ተለጠፉ። ብረታ ብረት ወርክሾፕ ውስጥ “ማስቀመጥ” የሚለው ወረቀት የተለጠፈው ሊማውና ሴጌቶው ተደባልቀው ከተከመሩበት ሣጥን በላይ ነበር። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይሄ ነው።

ቀለሙን አልንቅም። ንጹሕ ግቢ ውስጥ የሚማር ልጅና ቆሻሻ ውስጥ የሚማር ልጅ አንድ አይደሉም። የእሳት ማጥፊያው ጊዜው ያለፈበት መሆኑ የታወቀውም በዚሁ ጽዳት ነው። ግን የመጀመሪያው ሳምንት ሙሉ በሙሉ በዚህ አለቀ። ኢንስፔክተር ቀለም ሊያይ ይመጣል ብሎ የሚያስብ ሰው ምን እንደሚፈራ አያውቅም።

ቀጥሎ ወደ ሰነዱ ተገባ። ኢንስፔክሽን ግብዓት፣ ሂደትና ውጤት ብሎ ነው የሚያየው። ግብዓቱ ላይ ኮሌጁ ክፉኛ አልተቸገረም። የእውቅና ፈቃዱ አለ። የአሰልጣኞች የትምህርት ማስረጃና የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ሰርተፍኬት አለ። የሙያ ደረጃውና ካሪኩለሙ ታትሟል፣ ቲቲኤልኤሙ፣ ማለትም የማሰልጠኛ ጽሑፉ፣ ተጠርዟል። ሂደቱ ላይ ሲደርሱ ቦክስ ፋይሎቹ ባዶ መሆን ጀመሩ። ከድርጅቶች ጋር የተደረገ የመግባቢያ ሰነድ የለም። አሰልጣኝ ድርጅት ሄዶ ሰልጣኙን ያየበት ሪፖርት የለም። ውጤት ላይ የምሩቃን ዱካ ጥናት የለም። የት ናቸው ሲባል አንድ መልስ ነበር፦ “በጦርነቱ ጠፋ።”

የጠፋ ነገር መኖሩ እውነት ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች ተይዘው፣ በኅዳር 27 መንግሥት መልሶ መቆጣጠሩን አስታወቀ። በዚያ መሀል ኮሌጁ ኮምፒውተሮቹንና ሁለት የብየዳ ማሽኖቹን አጥቷል፣ ፋይሉም ተበትኗል። ይህንን ማንም ኢንስፔክተር ይረዳል። ችግሩ የሌለው ሰነድ የ2013 ብቻ አለመሆኑ ነው። የ2015ም የለም፣ የ2016ም የለም። የብረታ ብረት ዲፓርትመንት ኃላፊዋ፣ ሰልጣኞቹ “ቲቸር” የሚሏት፣ ስብሰባ ላይ ፊት ለፊት ተናገረችው፦ “ያኔ የጠፋውን ለብቻ እንጻፈው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ያልሠራነው ነው።” ዲኑ ደስ አላለውም። ግን ሁለት ዝርዝር ተሠራ። የመጀመሪያው አጭር ነበር።

ሎግቡኩ

ሎግቡክ ሞልቶ ነበር። ሰልጣኙ በየሳምንቱ በድርጅቱ የሠራውን ይጽፋል፣ የድርጅቱ ሰው ይፈርማል፣ የኮሌጁ አሰልጣኝ ያያል። በቁጥር አልጎደለም። ዲኑም በዚህ ተማምኖ ነበር።

ቲቸር አሥር ያህሉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ እያስተያየች ታነብ ጀመር። “የመስኮት ፍሬም በየድን።” “የበር ፍሬም በየድን።” “የመስኮት ፍሬም በየድን።” የሁሉም ብዕር አንድ ነው። የሁሉም ፊርማ አንድ ቀን ቁጭ ብሎ የተፈረመ ይመስላል፤ ቀለሙ እንኳን አይደምቅም አይደበዝዝም። ከዚያ አንዱ ላይ ጣቷን አኖረች። ቀኑ አረፋ ነው። ሐጂ በአረፋ ቀን ሱቃቸውን ከፍተው፣ ልጅ አሠርተው፣ ሎግቡክ ፈርመዋል ይላል ወረቀቱ። ኮምቦልቻን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ይስቃል። ኢንስፔክተር ቢያነበው ግን አይስቅም።

ልጆቹ ተጠየቁና አልዋሹም። ወደ መጨረሻው ላይ ተሰብስበው ሞሉት፣ የሐጂ ሱቅ ሠራተኛ ፈረመላቸው። አሰልጣኙም በየሳምንቱ እንዳየ አድርጎ ፈረመ። ለነገሩ አሰልጣኙ በሳምንት የሚያስተምረው ሰዓት ብዙ ነው፣ የትራንስፖርት አበል አይሰጠውም። ሃርቡ መንገድ ድረስ ተበትነው ያሉትን ልጆች በባጃጅ ከኪሱ ከፍሎ እንዲዞር ነበር የተጠበቀው። ይህን ለማስተባበያ አላነሳሁትም። አስተዳደሩ ያልበጀተውን ክትትል ወረቀት ላይ ብቻ ሲጠይቅ የሚያገኘው ወረቀት ብቻ እንደሆነ ለማሳየት ነው።

እዚህ ላይ ትልቁ ክርክር ተነሳ። ዲኑ አዲስ ሎግቡክ ይታተም፣ ልጆቹ በተለያየ ብዕር፣ በዓል ቀኖቹን ዘለው እንደገና ይሙሉት አለ። ክፉ ሰው አይደለም። ኮሌጁ ቢዘጋ ስንት ሰው ሥራ እንደሚያጣ የሚያስብ ሰው ነው። ቲቸር አልቀበልም አለች። ምክንያቷ ስለ ሥነ ምግባር አልነበረም፣ ቢያንስ ያን አላስቀደመችም። “ወረቀቱን ይመኑ እንበል። አንዱን ልጅ ጠርተው የመበየጃ ኤሌክትሮድ ስጡት ቢሉስ?” አለች።

ክፍሉ ዝም አለ። ልጆቹ አፓረንት ጨርሰው ሲመለሱ መበየድ ይችላሉ ወይ የሚለውን ጥያቄ እስከዚያ ማንም አንስቶት አያውቅም ነበር።

የድሮዎቹ ሎግቡኮች እንዳሉ ፋይል ውስጥ እንዲቆዩ ተወሰነ። በላያቸው ላይ አንድ ገጽ ተጨመረ፦ ምን እንደተገኘ፣ ለምን እንደሆነ፣ ከአሁን ጀምሮ ምን እንደሚለወጥ። ዲኑ የፈረመው ብዙ ካቅማማ በኋላ ነው።

ሐጂ ዘንድ

ቲቸርና እኔ ወደ ሐጂ ሱቅ ሄድን። ሱቁ ከመንገዱ ዳር ነው፤ ፊት ለፊቱ የተጠናቀቁ የግቢ በሮች ተደግፈው ቆመዋል። ሁለት የኮሌጁ ልጆች ነበሩ። አንዱ ግራይንደር ይዟል፣ ሌላው ዝገት ይፍቃል። ብየዳውን የሚሠራው የሐጂ ቋሚ ሠራተኛ ነው፣ ዓይኑ ላይ ያለው ደግሞ ማስክ ሳይሆን የፀሐይ መነጽር ነው።

“ሐጂ፣ ልጆቹ ብየዳ አይነኩም እንዴ?” አለች ቲቸር።

“አይነኩም ልጄ። እውነቱን ልንገርሽ?”

“ይንገሩኝ እንጂ።”

“ይሄ ቱቦላሬ ስስ ነው። ልጁ ሲበይድ ይበሳዋል። የተበሳው የደንበኛ በር ነው። ብረቱ የስንት ብር እንደሆነ ታውቂያለሽ። ኤሌክትሮዱም እንደዚያው። እናንተ ምንም የማያውቅ ልጅ ትልኩልኛላችሁ፣ እኔ በደንበኛ ብረት ላስተምረው?”

ይህ ንግግር ከሁሉም ሰነድ የበለጠ ነገር ነግሮናል። ትክክልም ነው። ስስ ቱቦላሬ፣ ውስጡ ክፍት የሆነው ብረት፣ ለጀማሪ አስቸጋሪ ነው። ሙቀቱ ትንሽ ከበዛ ወይም እጁ ትንሽ ከዘገየ ብረቱ ቀልጦ ይበሳል። ጀማሪ እጁን የሚያረጋጋው በወፍራም ላሜራ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ደጋግሞ በማስኬድ ነው። አርኩን መለኮስ፣ ርቀቱን መጠበቅ፣ ፍጥነቱን ማስተካከል። ይህ ደግሞ የሐጂ ሥራ አይደለም፣ የኮሌጁ 30 በመቶ ነው። ኮሌጁ ግን በዚያ ጊዜ የብየዳን ዓይነቶች በሰሌዳ ላይ ይዘረዝር ነበር። ማሽኑ ሁለት፣ ልጁ ብዙ፣ መብራቱ አንዳንዴ የለም፣ ኤሌክትሮዱ ውድ። እነዚህ ሁሉ ምክንያቶች ልጁን ባዶ እጁን ወደ ሐጂ ላኩት። ሐጂ ደግሞ ባዶ እጁን ለመጣ ልጅ ያላቸው ሥራ መፋቅና መቀባት ነው።

አሠራሩ በብዛት የተቀዳው ከጀርመኖቹ ነው። እዚያ ግን ልምምዱን የሚጀምር ወጣት ከድርጅቱ ጋር ውል ይፈራረማል፣ ደሞዝ ይከፈለዋል። ልምምዱ እንደ ሙያው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ተኩል ይወስዳል። ድርጅቱ የሚያሠለጥነው የራሱን ሠራተኛ ስለሆነ የተበሳ ብረት ወጪውን ተቀብሎታል። እዚህ ልጁ የኮሌጁ ነው፣ ለሐጂ እንግዳ ነው። መቶኛውን ቀድተን ውሉን ትተነዋል ማለት ይቻላል። ይህን የሐጂን ስስት አድርጎ የሚያይ አሰልጣኝ ብዙ አጋጥሞኛል። እኔ አልስማማም።

ቲቸር ከሐጂ ጋር ድርድር ጀመረች። ሻይ መጣ። ድርድሩ ረጅም ነበር፣ ወሬው ከብረት ወጥቶ ስለ ቦርከና ውኃና ስለ ልጆቻቸው ሁሉ ሄዶ ተመልሷል። መጨረሻ ላይ የተስማሙት ይህ ነው። ኮሌጁ ልጁን ከመላኩ በፊት በወፍራም ቁርጥራጭ ላይ ያለማምደዋል፣ ቀጥሎ በስስ ቱቦላሬ ቁራጭ ላይ ሳይበሳ ጥግ ማያያዝ መቻሉን አይቶ ይልከዋል። ሐጂ የተረፈ ቁርጥራጭ ያስቀምጣሉ። በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ ልጁ በዚያ ቁርጥራጭ ላይ በሱቁ ማሽን ይበይዳል። ኤሌክትሮዱን ኮሌጁ ያመጣል። ማስክና የቆዳ ጓንትም እንደዚሁ። ማስኩ ላይ ቲቸር አልተደራደረችም። የአርክ ብርሃን ዓይን ሲያቃጥል ሕመሙ የሚመጣው ከሰዓታት በኋላ፣ ሌሊት ነው። አሸዋ የገባበት ያህል ነው የሚያሰቃየው። የሱቁ ሠራተኛ ይህን ሲሰማ ሳቀ። ታሞበት ያውቃል።

“ጽሑፉን ግን አትጫኑብኝ” አሉ ሐጂ። “እኔ ዕለት ዕለት ምን እጽፋለሁ?”

ስለዚህ ሎግቡኩ ተለወጠ። ከሙያ ደረጃው ውስጥ በሐጂ ሱቅ በእርግጥ ሊሠሩ የሚችሉት ሥራዎች ተለቅመው በአንድ ገጽ ተዘረዘሩ። መለካትና በስኳድራ ማስመር፣ በግራይንደር መቁረጥ፣ ጥግ ማያያዝ፣ ማጠፊያ መግጠም፣ የመሳሰሉት። ከእያንዳንዱ ጎን ሦስት ሣጥን አለ፦ አየ፣ በእርዳታ ሠራ፣ ብቻውን ሠራ። ሐጂ ራይት ያደርጋሉ፣ ቀኑን ልጁ ይጽፋል። በሱቁ የማይሠሩት፣ ለምሳሌ ቀጥ ብሎ የቆመ ወፍራም ላሜራ መበየድ ወይም በጋዝ መቁረጥ፣ “በኮሌጅ” ተብለው ተለዩ። እስከዚያ ድረስ ኮሌጁ እነዚህን በድርጅት ይማሩታል ብሎ ያስብ ነበር፣ ድርጅቱ በኮሌጅ ተምረውታል ብሎ ያስብ ነበር። ልጁ የትም አልተማራቸውም። ለሲኦሲ ምዘና ሲቀርብ የሚወድቀው እዚያ ላይ እንደነበር ለመገመት አዋቂ መጠየቅ አያስፈልግም።

ሌሎቹ ዲፓርትመንቶች

ኤሌክትሪክ ዲፓርትመንት ቀለል ይላል። ሰልጣኞቹ የቤት ዝርጋታ ከሚሠሩ ባለሙያዎች ጋር ይወጣሉ፣ ሕንፃ በተሠራ ቁጥር ሥራ አለ፣ ባለሙያውም ሽቦ የሚስብለት እጅ ይፈልጋል። የጎደለው ፊርማና ክትትል ብቻ ነበር።

ጋርመንት ሌላ ታሪክ ነው። ፋብሪካ ገብታ የምትለማመድ ልጅ አንድ ማሽን ላይ ትቀመጣለች። አንድ ኪስ ትሰፋለች፣ ያንኑ ኪስ ወሩን ሙሉ። የፋብሪካ መስመር እንዲህ ነው የሚሠራው፣ ፍጥነት የሚገኘውም ከዚህ ነው። ልጅቷ ፈጣን ትሆናለች። ሙሉ ሸሚዝ ቆርጣ ሰፍታ ታውጣ ብትባል ግን አትችልም። የኮሌጁ ሰዎች ፋብሪካውን በየሁለት ሳምንቱ ቦታ አቀያይሩልን ብለው ጠየቁ። የመስመር ኃላፊው በትሕትና አዳመጣቸው፣ ግን የምርት ኮታ አለበት። በየወሩ አንዴ ለመቀየር ሞክራለሁ አለ። ዲፓርትመንቱ የቀረውን በግቢ ውስጥ ለማካካስ አቀደ። በራስ ግምገማው ላይ ይህ “ያልተፈታ” ተብሎ ነው የተጻፈው፤ እንዲህ ያለ ቃል በኮሌጁ ሰነድ ላይ ሲሰፍር የመጀመሪያው ይመስለኛል።

ልምምዱና ቀኑ

ከደሴ አንድ የመንግሥት ኮሌጅ ልምድ ያለው አሰልጣኝ፣ የዲኑ ወዳጅ፣ እንደ ኢንስፔክተር ሆኖ እንዲመጣ ተለመነ። ከዲኑ በቀር ማንንም አያውቅም፣ ይሉኝታም አልያዘውም። ቢሮ ሳይገባ ሰልጣኞቹ ዘንድ ሄደ። “ዛሬ ምን ትማራለህ? ለምን ትማረዋለህ? ባለፈው ወር የማትችለው አሁን የምትችለው ምንድን ነው?” ብሎ ጠየቀ። ብዙዎቹ የመጀመሪያውን መለሱ። ሦስተኛው ላይ ተንተባተቡ። ማታ ላይ ለአሰልጣኞቹ፣ “ልጆቹን መልስ አታስጠኗቸው። የሚያሳዩት ነገር ስጧቸው” አላቸው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የብረታ ብረት ሰልጣኝ በመጀመሪያው ሳምንትና አሁን የበየደው ቁራጭ ስሙ ተጽፎበት መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ከባነሩ ይልቅ ገንዘቡ የተከፈለበት ይህ ቢሆን ኖሮ እላለሁ።

ቡድኑ ሲመጣ ነገሩ እንደተፈራው አልሆነም፣ እንደተመኙትም አልሆነም። አንዷ ኢንስፔክተር ሰነድ ውስጥ ገባች፣ ሌላው ወዲያው ድርጅት ውሰዱኝ አለ። ሐጂ ሱቅ ተወሰደ። ሐጂ ምንም አልሸፋፈኑም። “በፊት አላስነካቸውም ነበር፣ አሁን አስነካቸዋለሁ። ግን ገና ነው” አሏቸው። ልጁ በቁርጥራጭ ላይ ጥግ አያይዞ አሳየ። አንድ ቦታ በሳው። ኢንስፔክተሩ ለምን እንደተበሳ ጠየቀው። ልጁ እጄ ዘገየ፣ አምፔሩም ለዚህ ውፍረት ትንሽ በዝቷል አለ። ቲቸር በኋላ ስትነግረኝ ከብየዳው ይልቅ በመልሱ ነበር ደስ ያላት።

ከሰነዱ መሀል የአረፋው ሎግቡክ ወጣ። በላዩ ያለው ገጽ ተነበበ። ዲኑ ላብ በላብ ሆነ። ኢንስፔክተሯ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የአሰልጣኞቹ የክትትል ወጪ ከዚህ በኋላ በጀት ውስጥ ገብቷል ወይ? ገብቶ ነበር። የበጀቱ ወረቀት ቀረበ።

የቡድኑ ግምገማ ሲነገር ግብዓቱ ጥሩ፣ ሂደቱ መካከለኛ፣ ውጤቱ ደካማ ተባለ። የሲኦሲ ማለፍና የምሩቃን ሥራ መያዝ በጥቂት ሳምንት ዝግጅት አይለወጥም፤ እነዚህ ከዓመታት በፊት የተዘሩ ናቸው። የማሻሻያ ዕቅድ አስገቡ ተባለ። ዕቅዱ ለመጻፍ ቀላል ነበር፣ የራስ ግምገማው ላይ ያለው ስለሆነ። የምሩቃን ዱካውን ለመከታተል ሬጅስትራሯ የድሮ ተማሪዎችን በስልክ እየደወለች ነው፤ ግማሹ ስልክ ተቀይሯል፣ አንዳንዱ ደግሞ ዓረብ አገር ነው።

ቀሪው ነገር ኤሌክትሮዱ ነው። ለሐጂና ለሌሎቹ ሱቆች የሚሄደውን ዲኑ ለስድስት ወር ብቻ ፈርሟል። ከዚያ በኋላ ሱቆቹ ግማሹን ይሸፍኑ ይላል። ሐጂ ደግሞ፣ “ልጁ ከስድስት ወር በኋላ ለእኔ በር የሚሠራ ከሆነ እሸፍናለሁ፣ ካልሆነ አልሸፍንም” ብለዋል። ውሉ በዚህ ቃል ይጻፍ ወይ የሚለው ገና አልተቋጨም።